ከሥር የተበላ ሻንሲ፦ መጠገን፣ መለወጥ ወይስ ማቆም?



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ከላላ በተመለስን ጊዜ የዕድሩ ሽማግሎች አስጠርተው አንድ ሥራ ሰጡን። የታዘዝነው የዕድሩን አሮጌ ፒክአፕ ላንድክሩዘር ከሥሩ አጥበን፣ ጭቃውን ፍቀን፣ ካትራሜ እንድንቀባው ነበር። ይህች መኪና የምትሰጠውን አገልግሎት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት ድንኳኑንና ወንበሩን የምታደርስ እርሷ ናት። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትኖር፣ ወይም ሰው በጽኑ ሲታመም፣ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል የምታደርስም እርሷ ናት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አዋጥቶ የገዛት ስለሆነች የሁሉም ንብረት ናት።

እኛም የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብለን ጀመርን። ነገር ግን ከኋላው ቀኝ ጎማ በላይ የተጋገረውን ጭቃ በካቻቢቴ ስንፍቅ፣ ካቻቢቴው ብረቱን ወግቶ እስከ እጀታው ገባ። ስንስበው ከቀዳዳው ቀይ ቅርፊትና ዱቄት በእፍኝ ወረደ። ሹፌሩ አጎንብሶ አየና ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። በኋላም፣ «ባለፈው ሳምንት በዚህ ላይ ስምንት ሰው ጭኜ ገደሉን ወርጃለሁ» አለን።

ካትራሜውን ሳንከፍተው አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ ዕድሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ለመወሰን ብዙ ቀን ተወያየን። ከመካከላችን በኮምቦልቻ የምሕንድስና ትምህርት የሚከታተሉ ስላሉ፣ ከትምህርቱም፣ ከመካኒኮችም፣ ከራሳችን ስሕተትም ያገኘነውን በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ ወደናል። መኪና ያለው ሰው በመካከላችን ጥቂት ቢሆንም፣ በመኪና የማይሳፈር ግን የለምና ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል።

1ኛ. ዝገት ምንድን ነው?

ብረት ከመሬት ሲወጣ ንጹሕ ብረት ሆኖ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ቀላ ያለ ድንጋይ ወይም አፈር ሆኖ ነው የሚገኘው። ሰው በታላቅ እሳት አቅልጦ ከኦክስጅኑ ይለየዋል። እንግዲህ ዝገት ማለት ብረቱ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ሲመለስ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም ሁለት ነገሮች ይበቁታል፤ ውኃና አየር። በውኃው ውስጥ ጨው ከሟሟ ደግሞ ውኃው ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱ ይፋጠናል።

ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በሁለት ተደራራቢ ላሜራዎች መካከል ከገባ እያበጠ ሁለቱን ያላቅቃቸዋል። በተጨማሪም እንደ ስፖንጅ እርጥበትን ይዞ ስለሚያቆይ ከሥሩ ያለው ብረት ዕረፍት አያገኝም።

በቀዝቃዛ አገሮች በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ የመኪናዎቻቸውም ሥር በዚሁ ይበላል። በአገራችን መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። ታዲያ የእኛን መኪና ምን በላት? የሹፌሩን ታሪክ ስንሰማ መልሱን አገኘነው። ዕድሩ ከመግዛቱ በፊት መኪናዋ ለብዙ ዓመታት ለገበያ ጨው፣ ለገበሬው ማዳበሪያ፣ ለነጋዴውም በግ ስትጭን ኖራለች። የጨው ብናኝ፣ የማዳበሪያ ብናኝና የበግ ሽንት ሁሉም በወለሉ ስንጥቅ እየወረዱ ሻንሲው ላይ ያርፋሉ፤ ሁሉም እርጥበት ይስባሉ። የደጋው ጥቁር ጭቃ ደግሞ በሻንሲው ጎድጓዳ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀራል። ላዩ በበጋ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ዝገቱ ሥራውን አያቆምም።

2ኛ. ላዩን አይቶ መፍረድ አይቻልም

በአገራችን ገጠር ለብዙ ዘመን ያገለገለውን ላንድሮቨር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር፣ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ የብረት እጥረት ስለነበረ፣ አብዛኛው አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ሻንሲው ግን ብረት ነበር፤ ያውም ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን መሰል ብረት። ውኃና ጭቃ ውስጡ ሲገባ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በዚህም ምክንያት በሩም ኮፈኑም ደህና የሆነ ላንድሮቨር፣ ተሸካሚ ብረቱ ያለቀ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

መኪናዎች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። ላንድክሩዘር፣ ፒክአፕና የጭነት መኪና እንደ መሰላል የተሠራ የተለየ ሻንሲ አላቸው፤ አካሉ በዚያ ላይ በብሎን ይታሰራል። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉት ትንንሽ መኪናዎች ግን የተለየ ሻንሲ የላቸውም። ወለላቸው፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍና ጎናቸው በአንድነት ክብደቱን ይሸከማሉ። ስለዚህ በፒክአፕ ላይ የወለል ቀዳዳ ውኃ የሚያስገባ ጉድለት ብቻ ሊሆን ይችላል። በትንሿ መኪና ላይ ግን ያው ቀዳዳ የተሸካሚው አካል ጉዳት ሊሆን ይችላል።

3ኛ. አመረማመሩ

እኛ የተከተልነው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

ሀ. ሥሩ በውኃ በደንብ ይታጠባል፤ በፀሐይም ይደርቃል። ጭቃ ያለበት ብረት አይመረመርም።

ለ. መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጎማው ታግዶ፣ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ማስያዝ ነው። የድጋፉ ቦታ ራሱ ያልተበላ መሆኑም አስቀድሞ ይታያል።

ሐ. ብረቱ በትንሽ መዶሻ በየስንዝሩ ይመታል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ካቻቢቴ ሲጫኑት የሚገባበት፣ ወይም ቅርፊት የሚረግፍበት ቦታ በጠመኔ ይከበባል።

መ. የባሌስትራው መያዣ፣ ሻንሲው ከኋላው ዲፈረንሻል በላይ ጎብጦ የሚያልፍበት፣ የመሪው ማሠሪያ፣ የነዳጅ ታንኩ መያዣና አካሉ በሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ሳይታዩ አይታለፉም።

ሠ. የፍሬን ቱቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅና በዓይን ይመረመራሉ። ቀጭን ስለሆኑና በውስጣቸው ከፍተኛ ግፊት ስለሚያልፍ በዝገት የተጎረበጠ ቱቦ ይለወጣል እንጂ አይለጠፍም።

እኛ በመጀመሪያው ቀን አንድ ስሕተት ሠራን። ቀዳዳውን ካገኘንበት ከቀኙ በኩል ብቻ ስንመታ ዋልን። ግራውን በማግሥቱ ስናየው ቀዳዳ ባይኖረውም ብረቱ ሰርጉዶ ሳስቶ ነበር። አንድ ቁስል ሲገኝ ሌላውን መርሳት ቀላል ነው።

4ኛ. ለመወሰን የሚረዱ ሦስት ጥያቄዎች

ብዙ ሰው ዝገት ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ያህል ሰፊ ነው?» የሚል ነው። እኛም እንዲሁ ነበርን። ነገር ግን በወለሉ ላይ ያለ የሰሃን ያህል ቀዳዳ፣ በባሌስትራው መያዣ ላይ ካለ የአንድ ሣንቲም ያህል ቀዳዳ ያነሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ጥያቄዎቹ እነዚህ መሆን አለባቸው።

የመጀመሪያው፣ ምን ያህል ጠልቋል? የሚለው ነው። በብረቱ ገጽ ላይ ብቻ ያለ፣ በሽቦ ብሩሽ ሲፈተግ ጠንካራ ብረት የሚገኝበት ዝገት አለ። ብረቱን አሰርጉዶ ያሳሳው አለ። ጨርሶ የበሳውም አለ።

ሁለተኛው፣ በዚያ ብረት ላይ ምን ተንጠልጥሏል? የሚለው ነው። በእንግሊዝ አገር የዓመታዊ መኪና ምርመራ ደንብ ባሌስትራ፣ መሪ፣ ፍሬን ወይም የመቀመጫ ቀበቶ ከታሰረበት ቦታ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የሚገኝ የበረታ ዝገት በተለይ ይታያል፤ መኪናውንም ሊያስጥለው ይችላል። የእኛ ቀዳዳ ከባሌስትራው መያዣ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም ነበር።

ሦስተኛው፣ በዙሪያው የሚበየድበት ጤነኛ ብረት አለ ወይ? የሚለው ነው። ብየዳ የሚይዘው ጤነኛ ብረት ሲያገኝ ነው። በሳሳ ብረት ላይ የተበየደ ጥፍጥፍ፣ ራሱ ቢጠነክርም ጠርዙ ላይ ይቀደዳል።

አንድ ትልቅ ምሳሌ እንጨምር። ቶዮታ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩ ታኮማ የሚባሉ ፒክአፖቹ ሻንሲ በዝገት ሲበሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ክፉኛ የተበሉትን ከገበያ ዋጋቸው በአንድ ተኩል እጥፍ ከባለቤቶቻቸው መልሶ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በክስ ስምምነት፣ በኋላ ዓመታት ከተሠሩት ፒክአፖችና ተመሳሳይ መኪናዎች መካከል ሻንሲያቸው የተበሳውን በአዲስ ሻንሲ ለመለወጥ ተስማማ። መለኪያውም 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቀዳዳ ነበር። ይህ የጣት ጫፍ የሚያህል ነው። ፋብሪካው ራሱ በዚህ መጠን ጥፍጥፍ ሳይሆን ሙሉ ሻንሲ ከሰጠ፣ እኛ ካቻቢቴ በሚያስገባ ቀዳዳ ላይ ካትራሜ ለመቀባት ምን ድፍረት ይኖረናል?

5ኛ. አራቱ አማራጮች

አንደኛው ጠርጎ መቀባት ነው። ዝገቱ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ እስከ ጤነኛው ብረት ይፈተጋል፣ ይደርቃል፣ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። ርካሽ ነው፤ ማንም ወጣት ሊሠራው ይችላል።

ሁለተኛው ቆርጦ መበየድ ነው። የተበላው ክፍል እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ ይወጣል፤ በቦታውም እኩል ውፍረት ያለው ብረት ይገባል። በሻንሲ ላይ ብየዳው ነጠብጣብ ሳይሆን ያልተቋረጠ መሆን አለበት። ማጠናከሪያ ሲጨመርም ጫፉ ቀጥ ብሎ ሻንሲውን እንዳያቋርጥ ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል፤ አለዚያ ኃይሉ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ተሰብስቦ ያሰነጥቀዋል። ከመበየዱ በፊት ባትሪው ይፈታል፣ የነዳጅ ታንኩና ቱቦዎቹ ይወርዳሉ። የቤት ቆርቆሮ ቆርጦ መለጠፍ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ለሸክም ቀጭን ነው። ሁለተኛ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ በያጁን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ሊጥለው ይችላል።

ሦስተኛው ሙሉ ሻንሲውን ወይም የተበላውን ግማሹን መለወጥ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የሠለጠነ እጅም ይጠይቃል። ከመበየዱ በፊት ከቀኝ የፊት ማዕዘን እስከ ግራ የኋላ ማዕዘን፣ ከግራ የፊትም እስከ ቀኝ የኋላ በገመድ ይለካል። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ጠማማ ነው፤ መኪናውም መንገዱን ይዞ አይሄድም። ከዚህም ጋር የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ያለበት ክፍል የሚነካ ከሆነ አስቀድሞ የትራንስፖርት ቢሮውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው ማቆም ነው። በብዙ ቦታ የተበሳ፣ የሚበየድበት ጤነኛ ብረት የሌለው መኪና ከመንገድ ይወጣል። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ግን ለሌላው መለዋወጫ ይሆናሉ።

ከአራቱ ውጭ አምስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም መሸፈን ነው። በስቱኮ መሙላት፣ በካትራሜ መቀባት፣ በላዩ ጥቁር ቀለም መርጨት። ካትራሜ በዳነ ብረት ላይ ሲቀባ መከላከያ ነው። በዝገት ላይ ሲቀባ ግን እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋበታል፤ የመርማሪውንም ዓይን ይጋርዳል።

6ኛ. ዕድሩ የወሰነው

ያገኘነውን በጠመኔ ከብበን ሽማግሎቹን ጠራን። የዕድሩ ሊቀ መንበር አጎንብሰው በራሳቸው መዶሻ መትተው ሰሙት። ከዚያም በዛፉ ሥር ስብሰባ ሆነ።

አንዳንዶች «ዛሬ ካትራሜውን ቀቡት፤ በበጋ ገንዘብ ሲገኝ እናየዋለን» አሉ። ሌሎች «ሌላ መኪና እንግዛ» አሉ። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ ከባድ ታክስ ጥሎባቸዋል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነግሯል። ይህ ሁሉ አሮጌ መኪናን እያስወደደው ስለሆነ የዕድሩ ሣጥን አይችለውም ነበር።

ሦስተኛው ሐሳብ «ቀብተን እንሽጣት» የሚል ነበር። ለጥቂት ጊዜ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ተነሡና፣ «ለእኛ ልጆች አትሆንም ያልናትን ለማን ልጆች ልንሸጣት ነው?» አሉ። የመለሰ ሰው አልነበረም። የመሸጡ ነገር በዚያው ቀረ።

እኛም ተጠየቅን። ሹፌሩ «እናንተ ተምራችኋል፤ ቁርጡን ንገሩን» ሲለን፣ የምናውቀው ልክ እንዳለው መናገር ነበረብን። «ጋሼ፣ መመርመር ችለናል፤ የሻንሲ ብየዳ ግን የእኛ እጅ ሥራ አይደለም። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እንላለን። ከዛሬ ጀምሮ ሰው አትጫንባት» አልነው።

በመጨረሻ መኪናዋ ባዶዋን በጭነት መኪና ተጭና ደሴ ሄደች። መካኒኩ የፊተኛውን ግማሽ ጤነኛ ሆኖ አገኘው፤ የሻንሲው ቁጥር የተመታውም በፊተኛው ቀኝ በኩል ስለነበረ አልተነካም። የኋላው ግማሽ ከተመሳሳይ ሞዴል፣ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና ተገኝቶ ተቀጠለ። የፍሬን ቱቦዎቹ በሙሉ ተለወጡ።

ይህ ሁሉ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። በእነዚያ ወራት በአንድ ዝናባማ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ተገኘች። ጎረቤቱ በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ዋናው መንገድ አደረሳት፤ የኪራይ መኪና እስኪመጣም ረጅም ሰዓት ጠበቅን። ከተሸካሚዎቹ መካከል እኛም ነበርን። አንድ አባት በጨለማው ውስጥ፣ «ያን ጊዜ ካትራሜውን ብትቀቡት ኖሮ አሁን ደርሰን ነበር» አሉን። መልስ አልነበረንም። እግዚአብሔር ይመስገን እናቲቱ በሰላም ተገላገለች። ነገር ግን የእኚያ አባት ቃል እስከ ዛሬ ከኅሊናችን አልጠፋም። መኪናን ማቆም ራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው አቁሙ ያለው ሰው አይደለም። ስለዚህ መኪና ይቁም የሚል ሰው፣ እስኪጠገን ሕመምተኛው በምን ይሂድ የሚለውንም አብሮ ማሰብ ይገባዋል። እኛ ይህን አላሰብንም ነበር። አሁን ዕድሩ ለኪራይ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለብቻ ያስቀምጣል።

7ኛ. ለወደፊቱ

አሁን መኪናዋ ተመልሳለች። ጨው፣ ማዳበሪያ ወይም በግ የጫነች ዕለት ማታውን ወለሉና ሥሩ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። በሻንሲው ላይ ያሉት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በጭቃ እንዳይደፈኑ በሽቦ ይከፈታሉ። ክረምት ሊገባ ሲልና ሲወጣ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እኛ ወጣቶች መዶሻና ጠመኔ ይዘን ከሥር እንገባለን። የተቃጠለ ዘይት መርጨት በየቦታው የተለመደ ቢሆንም ጎማ ነክ ዕቃዎችን ስለሚያበላሽ፣ ፍሬን ላይ ከደረሰም አደገኛ ስለሆነ፣ ምድሩንም ስለሚበክል ትተነዋል። ያች ካትራሜም አልባከነችም፤ የኋላው ሻንሲ ጸድቶ ዝገት መከላከያ ከተቀባ በኋላ በላዩ ቀባናት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሠፈራችሁ ሰው የሚጭን መኪና ሥሩ የታየው መቼ ነው? ማን አየው?

2. ጉድለቱን ሳይናገሩ መኪና የሸጠ ሰው፣ ጉድለቱን ሳይመረምር ከሸጠ ሰው በምን ይለያል?

3. በዚያ ሌሊት እናንተ ቃሬዛውን ተሸክማችሁ ብትሆኑ፣ ለእኚያ አባት ምን ትመልሱላቸው ነበር?

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ እኛም ገና አልተስማማንም። መልሳችሁን በጽሑፍ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።